ኤፒክ ካፌ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። "ኤፒክ" የሚለው ቃል ረክሷል ይላል። የጸሐፊው ስም የለበትም፤ ግን ብዙ ያነበቡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። አማርኛቸውም ይጣፍጣል። ሰው የተቀባበለው በከንቱ አይደለም። እኔም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በአብዛኛው ግን አልተስማማሁም።

መጀመሪያ የሚሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ጸሐፊው ለሥራ ወደ ጅማ መጥተው ነበር። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጠው ሳለ፣ አጠገባቸው ያሉ ወጣቶች የቀረበላቸውን ማኪያቶ ግሩም ነው ለማለት "ኤፒክ ነው" ሲሉ ሰሙ። ደነገጡ። ከዚህ ተነሥተው አምስት ነገር ይከራከራሉ። ኤፒክ ከጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ ከሆሜር ጀምሮ አንድ ቋሚ ትርጉም አለው፤ እሱም ረጅምና ታላቅ የጀግና ግጥም ነው። ጀግናው በጦርነት ያሸነፈ፣ ለሕዝብ አርአያ የሚሆን ሰው ስለሆነ "ኤፒክ ፌይል" (ታላቅ ውድቀት) የሚባለው ነገር እርስ በርሱ ይጣላል። አፍሪካ ኤፒክ የላትም፤ ክብረ ነገሥትን የያዘችው ኢትዮጵያ ብቻ ከዚህ ትወጣለች። "ገድል" የሚል የራሳችን ቃል እያለን የባዕድ ቃል መዋስ አያስፈልግም። በመጨረሻም ጌምና ማስታወቂያ ቃሉን ከክብሩ አውርደው ካፌ ውስጥ ጥለውታል።

የማኪያቶውን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ጸሐፊው ከሆሜር ስለጀመሩ እኔም ከዚያው ልጀምር።

በሆሜር ግጥሞች ውስጥ "ኤፖስ" የሚል የግሪክ ቃል አለ። ኤፒክ የመጣው ከሱ ነው። እዚያ ውስጥ ግን ረጅም ግጥም ማለት አይደለም። ቃል፣ ንግግር፣ ከአፍ የወጣ ነገር ማለት ነው። አንዱ ባለታሪክ ሌላውን ሲያናግር "ክንፍ ያላቸውን ቃላት ተናገረ" የሚል ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል። ቃላት የተባሉት እነዚሁ ኤፖሶች ናቸው። ሆሜር የባለ ግጥሞችን ሥራ በስሙ መጥራት ሲፈልግ "ዘፈን" ነው የሚለው። ስለዚህ "ከሆሜር ጀምሮ" የሚለው ገና ከመነሻው አይቆምም።

ቃሉ የአንድ ዓይነት ግጥም መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ግሪኮች ዋና መለያ ያደረጉት ርዝመትን ሳይሆን የስንኙን ምት ነበር። ሄሲኦድ የሚባለው ገጣሚ ስለ እርሻ ሥራ የጻፈው ግጥም በዚያው በሆሜር ምት ስለሆነ ከኤፖስ ተቆጥሯል። ስምንት መቶ ምናምን ስንኝ ነው። የጦር ጀግና የለበትም። መቼ ማረስ፣ መቼ ማጨድ እንደሚገባ ወንድሙን የሚመክርበትና የሚቆጣበት ነው። የጸሐፊውን ትርጉም ከተቀበልን ሄሲኦድን ከግሪኮች ቤት ማስወጣት ሊኖርብን ነው።

ርዝመትን በተመለከተ አሪስጣጣሊስ ምን እንዳለ ማየት ይጠቅማል። ጸሐፊውም ስሙን ጠቅሰዋል፤ የሚለውን ግን አልነገሩንም። ስለ ግጥም በጻፈው መጽሐፉ ሆሜርን የሚያመሰግነው የትሮይን ጦርነት ሙሉውን ስላልተረከ ነው። እውነትም የሆሜር ግጥም ኢሊያድ ከዐሥር ዓመቱ ጦርነት የሚነካው ጥቂት ሳምንታትን ብቻ ነው። የእንጨት ፈረሱ እንኳ የለበትም። ሁሉንም ነገር ግጥም ውስጥ ለመጠቅጠቅ የሚሞክሩትን አሪስጣጣሊስ ይነቅፋቸዋል። ጭራሽ የኤፒክ ርዝመት ከቀድሞዎቹ ማነስ አለበት፤ መጀመሪያውና መጨረሻው በአንድ እይታ መያዝ አለበት ይላል። ኤፒክና ትራጄዲ (አሳዛኝ ድራማ) ሲነጻጸሩም የሚያስበልጠው ትራጄዲን ነው። "ኤፒክ ከሥነ ጽሑፍ ሁሉ የበላይ መሆኑን ጥንታውያን ይመሰክራሉ" የሚለው የጸሐፊው ዐረፍተ ነገር እዚህ ላይ ምስክር ያጣል።

ሌላም አለ። በ20ኛው መቶ ዘመን ቤርቶልት ብሬሽት የተባለው ጀርመናዊ የቴአትር ሰው የራሱን አሠራር "ኤፒክ ቴአትር" ብሎ ጠራው። ቴአትር የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ብሬሽት ግዙፍ መድረክ ወይም ታላቅ ጀግና ማለቱ አልነበረም። እንዲያውም ተመልካቹ በስሜት እንዳይወሰድ፣ ቀዝቀዝ ብሎ እንዲያስብ ነበር የፈለገው። ኤፒክ ያለው መድረኩ ይተርካል ለማለት ነው። ጀርመኖች ሥነ ጽሑፍን ተራኪ፣ ስሜት ገላጭና ድራማዊ ብለው ለሦስት ሲከፍሉ ለተራኪው የሚሰጡት ስም ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ደግሞ "ግዙፍ፣ ታላቅ" የሚለው ትርጉም የጎላው ከ18ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው። በኋላ ሆሊውድ ተቀበለው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሺህ ሰው ያሰለፈ የሠረገላ ፊልም ሁሉ ኤፒክ ተባለ። እንግዲህ ጸሐፊው "ጥንታዊ" የሚሉት ግዙፍነት ብዙውን ጉልበቱን ያገኘው ከፊልም ፖስተር ነው ብል አልተጋነነም።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ክፍል ውስጥ ኤፒክ ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ "የጀግና ታሪክ የሚተርክ ረጅም ግጥም" ማለት አለበት። የሚያገኘው ነጥብ በዚያ ነው። ኢሊያድ ከ15 ሺህ ስንኝ በላይ ነው፤ የሕንዱ ማሃባራታ ደግሞ ወደ 100 ሺህ ጥንድ ስንኝ ይደርሳል ይባላል። ርዝመት የለም አላልኩም። ርዝመቱ የቃሉ ሥር አይደለም ነው የምለው። ሥሩ መናገር ነው፤ መተረክ ነው።

ወደ ጀግናው እንለፍ። አሸናፊ፣ እንከን የለሽ፣ አርአያ ይላሉ። የኢሊያድን ዋና ጀግና አኪሊስን ያውቁታል? የጦር አዛዡ የማረካትን ሴት ወሰደብኝ ብሎ አኮረፈ። ጓደኞቹ እያለቁ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ባሕር ዳር ሄዶ ለእናቱ አለቀሰ። ኢሊያድ የሚያልቀው በድል ሳይሆን በጠላት ቀብር ነው፤ የሄክተርን አስከሬን አባቱ ለምኖ ወስዶ ይቀብረዋል። ጊልጋሜሽን እንይ። ከሜሶጶጣሚያ የተገኘ፣ ከሆሜር በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ነው። ንጉሡ ሞትን ሊያመልጥ ዓለምን ይዞራል። በመጨረሻ ወጣትነትን የሚመልስ ተክል ያገኛል። መንገድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይቶ ሊታጠብ ይገባል፤ እባብ መጥቶ ተክሉን በልቶበት ይሄዳል። ባዶ እጁን አገሩ ይገባል። ከዚህ በላይ "ኤፒክ ፌይል" ከየት ይምጣ?

እዚሁ ላይ ጸሐፊው ጅማ ከመጡ አይቀር ጅሬን ወጥተው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማ ውስጥ ደጋግሞ የሚነገረው ታሪክ የጦርነት ድል አይደለም። ያልተደረገ ጦርነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር በደቡብና በምዕራብ ሲስፋፋ፣ አባ ጅፋር ግብር ለመክፈል ተስማምተው መንግሥታቸውን አቆዩ። እናታቸው ጉሚቲ መክረዋቸው ነው ይባላል። ዙሪያው ሲዋጋ ጅማ ተረፈች፤ እሳቸውም ለብዙ ዓመታት በዙፋናቸው ቆዩ። ይሄ ኤፒክ ግጥም ነው አልልም። ግን አንድ ሕዝብ እየደጋገመ የሚተርከው ታሪክ ሁልጊዜ ጠላቱን የደመሰሰ ሰው ታሪክ ነው ለሚል ሰው ጅማ መጥፎ ምሳሌ ናት። ማሸነፍ አይደለም ዋናው። ኢሊያድ ውስጥ ጦርነቱ የተነሣባት ሄለን ለሄክተር የምትለው አለ። አማልክት ክፉ ዕጣ የጣሉብን ለሚመጡት ሰዎች ዘፈን እንድንሆን ነው ትለዋለች። የሚዘፈንለት ሰው ዕድለኛ መሆኑን ግን አትነግረውም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ፤ ይቅርታ ከወዲሁ።

"አፍሪካ ኤፒክ የላትም" የሚለው ሐሳብ የጸሐፊው አይደለም። ከዚህ በፊት ተብሏል፤ መልስም አግኝቷል። ሩት ፊነጋን የተባለች ምሁር በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስለ አፍሪካ ሥነ ቃል ባሳተመችው ትልቅ መጽሐፍ ኤፒክ የአፍሪካ ዓይነተኛ ቅርጽ አይመስልም ብላ ጽፋ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ናይጄሪያዊው ኢሲዶር ኦክፔዎ ስለ አፍሪካ ኤፒክ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ማሊ ውስጥ ጄሊዎች የሚባሉት፣ ፈረንጆቹ ግሪዮ የሚሏቸው ዜማ አዋቂዎች፣ የሱንዲያታን ታሪክ ለዘመናት ሲቀባበሉት ኖረዋል። ሱንዲያታ የማሊን ግዛት የመሠረተው ንጉሥ ነው። በልጅነቱ መራመድ የማይችል፣ እናቱ የሚሰደብባት ልጅ ነበር፤ አንድ ቀን በብረት ዘንግ ተደግፎ ተነሣ ይላል ተረኩ። ኮንጎ ውስጥ ኒያንጋ የሚባሉ ሕዝቦች ስለ ጀግናቸው ምዊንዶ የሚተርኩት አለ። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። የሌለ ነገር አይታተምም።

የሚገርመው ኢትዮጵያን ለማስወጣት የተጠቀሙበት ምክንያት ነው። ክብረ ነገሥት። በግዕዝ የተጻፈ፣ የ14ኛው መቶ ዘመን ትልቅ ሥራ ነው። የንግሥተ ሳባን፣ የሰሎሞንን፣ የምኒልክ ቀዳማዊን፣ የታቦተ ጽዮንን መምጣት ይተርካል። ለአገሪቱ ታሪክ ያለውን ክብደት አልነካም። ግን ዝርው ነው። 117 ምዕራፍ ያለው ዝርው ጽሑፍ እንጂ ግጥም አይደለም። ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥብ "ኤፒክ ግጥም ነው፤ ግጥም ያልሆነ ኤፒክ የለም" ብለው በሦስተኛው ነጥብ ክብረ ነገሥትን ኤፒክ ይሉታል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ወይ ትርጉሙን ማስፋት ነው፤ ያኔ ሱንዲያታም፣ ምዊንዶም፣ ሌላውም ይገባል። ወይ ማጥበብ ነው፤ ያኔ ክብረ ነገሥትም ውጭ ይቀራል። ለአገር ሲሆን ሰፊ፣ ለጎረቤት ሲሆን ጠባብ በር መክፈት አያስኬድም።

በዚህ ነጥብ ላይ የሚሉት እውነት ግን አለ። ፉከራና ቀረርቶ ኤፒክ አይደሉም ብለዋል። ልክ ነው። ፎካሪው ራሱን ያነሣሣል፣ ዘሩን ይጠራል፣ የገደለውን ይቆጥራል፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ ግን አይተርክም። "ዘራፍ!" ከማለት እስከ ሌላው የሆሜር ግጥም እስከ ኦዲሴይ ረጅም መንገድ ነው። በጥንታዊ አማርኛ ለእነ ዐምደ ጽዮን የተገጠሙት የነገሥታት መወድሶችም ውዳሴ ናቸው፤ ከትረካው ይልቅ ማወደሱ ይበልጣል። እዚህ በጅማ ዙሪያ ኦሮሞዎች ጌረርሳ የሚሉትም በአብዛኛው የጀግና የራሱ ቃል ነው። ቢሆንም ጌረርሳን በጥሞና የሰማ ሰው የአደን ጀብዱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። እስር ቤት አለበት፣ ድህነት አለበት፣ የወገን ክህደት አለበት። አንዳንዱ ጌረርሳ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሚያወራበት ነው። ኤፒክ በሉት ብዬ አልከራከርም። "ትረካ የለበትም" ብሎ ሳይሰሙ መዝጋቱን ነው የምቃወመው።

ገድልን በአጭሩ። ገድል ድንቅ ቃል ነው፤ ግን ቦታ አለው። ገድለ ተክለ ሃይማኖት፣ ገድለ ላሊበላ። የቅዱሳን ተጋድሎ የሚነበብበት፣ በበዓላቸው ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚሰማ ነው። "ገድለ አኪሊስ" ብለን መጽሐፍ ብናወጣ የሚደነግጡ አባቶች አሉ፤ ሊደነግጡም ይገባል። ደግሞስ ገድል ራሱ የት ቆመ? ከቅዱሳን ወደ ወታደር ሄደ፤ "የጦር ሜዳ ገድል" ተባለ። ከወታደር ወደ ሯጭ፣ ከሯጭ ወደ ግብ ጠባቂ ሄደ። ቅዳሜ ማታ የስፖርት ዜና የሚሰማ ሰው ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነ በረኛ ገድል ሲፈጽም ይሰማል። ጸሐፊው ይህን ሲሰሙ ቋንቋ ረከሰ ብለው አልጻፉም። ኤፒክ የሄደው ይህንኑ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ካፌው። እኔን የሚስበኝ እዚህ ነው።

ጸሐፊው ኤፒክን ከማኪያቶ አጠገብ ሲሰሙ እንደ ነውር ቆጠሩት። ታላቅ ነገር በታላቅ ቦታ ይባል ነው ሐሳቡ። እንግዲህ ኤፒክ ራሱ የት ኖሮ እንደነበር እንይ። ኦዲሴይ ውስጥ ዴሞዶኮስ የሚባል ዓይነ ስውር ዘፋኝ አለ። የሚዘፍነው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጨርስ ነው። የትሮይን ጦርነት ይዘፍንና የግጥሙ ጀግና ኦዲሲየስ ፊቱን በልብሱ ሸፍኖ ያለቅሳል። በመሃል ደግሞ አማልክት ስለተያዙበት የዝሙት ታሪክ ይዘፍናል፤ በታሪኩ ውስጥ አማልክቱ ይስቃሉ፣ ሰሚውም ይደሰታል። ሆሜር ራሱ የሳለልን ሥዕል ይሄ ነው። ግብዣ፣ ወይን ጠጅ፣ ሳቅ፣ እንባ።

ከዚህ የበለጠ ግን የቅርብ ምሳሌ አለ። ሚልማን ፓሪ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ዩጎዝላቪያ ሄደ። ሆሜር እንዴት ሠራው የሚለውን ጥያቄ በሕይወት ካሉ ዘፋኞች ሊማር ፈልጎ ነው። ዘፋኞቹ ጉስሌ የሚባል መሣሪያ ይዘዋል። እንደ ማሲንቆ አንድ አውታር ያለውና በደጋን የሚመታ ነው። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ረጅሞቹን ዘፈኖች የሚዘፍኑት የት መሰለዎት? ቡና በሚጠጣባቸው ቤቶች፣ በረመዳን ሌሊቶች። ወንዶች ከጾሙ በኋላ ተሰብስበው ቡና ይጠጣሉ፣ ያጨሳሉ፣ ያወራሉ፤ ዘፋኙ ደግሞ ይተርካል። ሰሚው ከሞቀ ታሪኩን ያስረዝማል፤ ከተሰላቸና መነሣት ከጀመረ ያሳጥራል። ፓሪ ካገኛቸው ሁሉ ትልቁ አቭዶ ሜጄዶቪች ነበር። ሥራው ሥጋ ሻጭነት ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም። በ1935 (እ.ኤ.አ.) አንድ የሠርግ ታሪክ በቃሉ አስጻፈ፤ ከ12 ሺህ ስንኝ በላይ ሆነ። ኦዲሴይን የሚያህል ማለት ነው። ፓሪ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሥራውን ተማሪው አልበርት ሎርድ ቀጠለበት። ዛሬ ሆሜርን የሚያጠና ሁሉ የነሱን ግኝት ሳያነሣ አያልፍም።

ስለዚህ ኤፒክ ከአደባባይ ወደ ካፌ ወረደ የሚለው ተገላቢጦሽ ነው። ቡና የሚጠጣበት ቤት አንዱ ጥንታዊ ቤቱ ነው። የቡና አገር ጅማ ተቀምጦ በዚህ ማፈር ደግሞ ምን ይሉታል?

ልጆቹስ ቃሉን ከየት አመጡት? ጸሐፊው ከአሜሪካ ፊልም ብለው ገምተዋል። የጅማ ልጆች ግን ጌም ላይ ናቸው። በብዙ ጌሞች ውስጥ ዕቃ በደረጃ ይከፈላል፤ ኤፒክ አንዱ የደረጃ ስም ነው። ኢፉትቦል በሚባለው የስልክ ጌም ደግሞ ኤፒክ ካርዶች አሉ። ካርዶቹ አንድ ተጫዋች ጎልቶ የወጣበትን ወቅት ይዘው የሚመጡ ናቸው። ጫማ የሰቀለ ተጫዋች በዚያ በተወራለት ዓመቱ ልክ ይመለሳል። ልጁ ካርዱ ሲወጣለት የሚጮኸው ለቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ያወሩለትን ሰው ስላገኘ ጭምር ነው። ይሄ ከሆሜር ያን ያህል ሩቅ ነው? እኔ አይመስለኝም። ማኪያቶን ኤፒክ ማለት ከዚያ የተረፈ ግለት ነው፤ ነገ ሌላ ቃል ይተካዋል። ጸሐፊው የተቀመጡበት ሰፈር ስም ውስጥ ያለው "አራዳ" እንኳ አዲስ አበባ ላይ የገበያ ስም ነበር። ዛሬ ብልጥ የከተማ ልጅ ማለት ሆኗል። ገበያው ግን አልተቀየመም።

አሮጌው ትርጉም ይጠፋል ብለው ከሰጉም ስጋቱ አይታየኝም። "ድራማ" ከግሪክ ነው የመጣው። ልጆች "ድራማ አትሥሪብኝ" ይባባላሉ። በዚያው ቀን ክፍል ገብተው ድራማ ምን እንደሆነ ይጽፋሉ። ሁለቱን አያምታቱም። ኤፒክን ያምታቱታል ብለን የምንፈራበት ምክንያት የለም።

የቀረው ማስታወቂያ ነው። ጸሐፊው "ኤፒክ ቅናሽ" የሚል የጫማ ሱቅ ማስታወቂያ አይተው ተናደዋል። እዚህ ላይ ያለ አንዳች ክርክር ከሳቸው ጋር ነኝ። ማኪያቶው ቢያንስ ለጓደኛ ይወራለታል። 10 ፐርሰንት ቅናሽ ግን፣ ዴሞዶኮስም ቢነሣ አቭዶም ቢመጣ፣ ሁለት ስንኝ የሚወጣለት አይመስለኝም።